ሽምግልና ከደጀ ሰላም አይውጣ፦ ለሕግ ባለሙያው ወንድሜ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ደረሰኝ። የላከልኝ የጽዋ ማኅበራችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እናንተን ነው የሚሸነቁጠው» ብሎ ሳቅ ጨምሮበታል። ርዕሱ «ሽምግልና ከደጀ ሰላም ይውጣ» ይላል። ጸሐፊው የሕግ ሰው ናቸው። እንደ እኔው ባሕር ዳር ነው የሚኖሩት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ምእመናን ሲጣሉ በካህንና በሽማግሌ ማስታረቅ ይቅር። ገንዘብ የተካካደ፣ በንግድ የተጣላ፣ በማኅበር ሒሳብ የተጨቃጨቀ ሁሉ በቀጥታ ፍርድ ቤት ይሂድ። ምክንያቶቻቸውን ዘርዝረዋል። ሽምግልና ለጉልበተኛ ያዳላል። የሽማግሌ ወረቀት በሕግ ዋጋ የለውም። ዕርቁ «ተሳሳሙና ተበተኑ» ነው። የጳውሎስ ቃል ማስፈራሪያ ሆኗል። ካህን ገለልተኛ አይሆንም። ወንጀል ይሸፈናል። በዚያ ላይ ጊዜ ያባክናል።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። ሁለት ዙር በሰበካ ጉባኤ አገልግያለሁ፤ በዚያው ሰበብ ብዙ ጠብ መሀል ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ከተናገሩት ውስጥ የሚያመኝም የማይዋጥልኝም አለ። በየተራ ልሂድበት፤ አንዳንዱ ላይ ግን ቆየት እላለሁ።

ከማዳላቱ ልጀምር። ጸሐፊው እንዲህ ብለዋል፦ «ሀብታሙ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ድሃው አንገቱን ደፍቶ ይቅር ይላል።» ሐሰት ነው አልልም። በባለገንዘቡ ሳሎን፣ በባለገንዘቡ በግ ላይ የተቀመጠ ሽምግልና አይቻለሁ። ሥጋው ከተበላ በኋላ «አንተ ተሳስተሃል» የሚል ሽማግሌ ማግኘት ይከብዳል። ጥርስ ውስጥ የገባ ጥብስ ምላስ ያስራል።

ግን ይሄ የሚታረም ነገር ነው፤ ደግሞም ድሮ የታረመ ነው። ደንቡን የሚያውቁ አባቶች እያንዳንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ይምረጥ ይላሉ። ሁለቱ ተመራጮች ደግሞ ሦስተኛውን ይጨምራሉ። የማይፈልጉትን ሰው «ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል፣ ምክንያት አይጠየቅም። መቀመጫው የማንም ቤት አይሆንም። ደጀ ሰላም ወይም ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ይሆናል። ምግብ የሚባል ነገር ጉዳዩ እስኪያልቅ አይቀርብም። እኛ ቡናውን እንኳ ከኪሳችን ነው የምንጠጣው። ይሄ ሁሉ የተጠበቀበት ሽምግልና ከአንድ ደህና ጠበቃ ከያዘ ሰውና ማመልከቻ ለማስጻፍ ከተቸገረች ባልቴት ክርክር ይልቅ ለደካማው ይቀላል። ፍርድ ቤቱ ያዳላል ማለቴ አይደለም። ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ከዘጌ በጀልባ ተነስቶ ለአንድ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው የጀልባውን፣ የምሳውን፣ አንዳንዴም የማደሪያውን ይከፍላል። ቀጠሮው ሲቀየር ደግሞ እንደገና።

ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ምክንያቱም የገዛ ሙያቸው ነው። «ሽማግሌ የጻፈው ወረቀት ለቅርጫት ነው» ብለዋል። የሕግ ሰው እንዲህ ሲል ሰው ያምናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ሁለት ሰዎች ከየያዙት ትንሽ ትንሽ ለቀው ክርክራቸውን በውል መቋጨት ይችላሉ። በቁጥር 3312 ደግሞ ይህ ስምምነት በሁለቱ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ክስ ተጀምሮም ቢሆን የዕርቁ በር አይዘጋም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 ጀምሮ ባለው ክፍል ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ ሊስማሙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በችሎትም ይሁን ከችሎት ውጭ። ዳኛው ራሱ እንዲያግባባቸውም ይፈቅድለታል። ይህ ሁሉ አርጅቷል የሚል ካለ በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 አለ። ለዕርቅ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም በፍርድ ቤት ሥር የሚካሄድ አስማሚነትን አስገብቷል። እንግዲህ መንግሥት ራሱ «ከመሟገታችሁ በፊት ተነጋገሩ» እያለ ባለበት ሰዓት ነው ወንድሜ ሽማግሌውን ከደጅ የሚያባርሩት።

አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። ብዙ የሽማግሌ ወረቀት በእርግጥ ለቅርጫት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ተዋደዋል፣ ያለፈው አልፏል» ብሎ የሚያልቅ ወረቀት በእጄ ገብቶ ያውቃል። ስንት ብር? መቼ? በምን ቀን? ባይከፍልስ? ምንም የለም። ቀኑ እንኳ የዋለበትን ታቦት ብቻ ነው የሚያወሳው። «በዕለተ ሚካኤል» ይላል፤ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ሚካኤል ይወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ነገር አለ። በምእመናን መካከል የሚነሳው የገንዘብ ጠብ አብዛኛው ወረቀት የለውም። ለምን? ስለሚተማመኑ ነው። አብረው ይቆርባሉ፣ አብረው ይጾማሉ። «ለአንተማ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ይባባላሉ። ከዚያ ይጣላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። አምስት መቶ ብር! ዛሬ አንድ ቤተሰብ ይዞ ዓሣ ለመብላት እንኳ የማይበቃ ገንዘብ። ሃያ ሺህ ብር በእምነት ያበደረ ሰው ፊት ለፊት የቆሙ አሥር ምስክሮች ቢኖሩትም ተበዳሪው «አልወሰድኩም» ካለ ችሎቱ ፊት ባዶ እጁን ነው።

ያ ተበዳሪ በደጀ ሰላም ግን ሌላ ሰው ነው። ሲበደር ያዩት ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። የንስሐ አባቱ ያውቁታል። ነገ ቅዳሴ ላይ ሊቆም ነው። እዚያ «አልወሰድኩም» ማለት ይከብዳል። ሲክዱም አይቻለሁ፤ ሲያምኑ ያየሁት ግን ይበልጣል። ጸሐፊው በዚህ ሰው ላይ «ክሰሱት» ሲሉ ለአበዳሪው ምን እንደፈረዱበት ያወቁ አልመሰለኝም።

በነገራችን ላይ በዚህ ሐይቅ ዳር በወረቀት ሳይጻፍ የሚጠበቅ ቃል አዲስ ነገር አይደለም። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው። ያንን ደን ለዘመናት ያቆመው ለአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው ብሎ ያምናል አገሬው። «ደን ሌላ፣ ዕዳ ሌላ» ይሉኝ ይሆናል ወንድሜ። ይሁን። እኔም ለዕዳው ወረቀት ይጻፍ ባይ ነኝ።

አሁን «ተሳሳሙና ተበተኑ» ወደሚለው። ይሄ ነው ያመመኝ። ምክንያቱም እውነት ነው፤ እኔም አጥፍቼበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅበራችን ሁለት ሰዎች አንድ ባጃጅ በጋራ ገዙ። አንደኛው 90 ሺህ ብር አወጣ፤ ሁለተኛው 40 ሺህ ጨመረና ሹፌር ሆነ። ሊብሬው በመጀመሪያው ስም ወጣ። ውላቸው አንድ ሲኒ ቡና ላይ የተባለ ነው። «በየሳምንቱ ትርፉን እንካፈላለን።» በቃ። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ገቢው ቀነሰ። ባለገንዘቡ «እየበላኝ ነው» አለ። ሹፌሩ «ቤንዚን ከየት ነው የማመጣው፣ ከማደያ ነው እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ሰሞን ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር የሚሸጠው፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ ፊት ነበር። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ነገሩ እያደር መረረ። አንደኛው ከማኅበሩ ቀረ። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ይራራቁ ጀመር። ከገባችሁ ታውቃላችሁ፤ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል ሰው እርስ በርሱ እጅ ይነሳሳል። አንዱ በሰሜን በኩል ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ይቆማል። ሌላው ውጭ፣ ከቅጽሩ ዛፍ ሥር። እንዳይተያዩ።

እኛ ሦስት ሆነን ጠራናቸው። አንድ ደግ አባት አብረውን ነበሩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሁለቱም ጮኹ፣ እኛም ተቆጣን። ከዚያ አባታችን መስቀላቸውን አወጡና «በሉ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተሳሳሙ፣ የሰይጣን ነገር ነው» አሉ። ተሳሳሙ። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሒሳብ ሠራተኛው እኔ! አንድ ቁጥር ሳልጠይቅ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ነገሩ ከበፊቱ ባሰ። አሁን ባለገንዘቡ አዲስ ክስ አገኘ፤ «ታርቀን ከዳኝ» አለ። ሹፌሩም «ይቅር ብለኸኝ የለ፣ ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ። ጸሐፊው የጻፉት ይሄንን ነው። ሊወቅሱን ይገባል።

ስለዚህ እንደገና ቁጭ አልን። በዚህኛው ጊዜ አባታችንን «ይቅርታ አባ፣ መስቀሉን ለመጨረሻ ቀን ያቆዩልን» አልናቸው። ሳቁብንና እሺ አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ከደብተሩ አልኩ።

ደብተር አልነበረም። እንደሌለ ሁለቱም ማሉ። በኋላ ግን የሹፌሩ ባለቤት አንድ የልጅ ደብተር ይዛ መጣች። በየማታው ባሏ የሚያመጣውን ስትጽፍ ኖራለች። ከጀርባው የልጇ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አለ። ከፊት ለፊቱ የቀን ገቢ፣ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎ፣ ካምፒዮ የተሠራበት፣ ባጃጅ ያልወጣባቸው ቀናት። ባሏ ራሱ ይሄን ደብተር አያውቀውም ነበር። ሦስት ማታ አብረን ቆጠርን። ባለገንዘቡ 70 ሺህ ይገባኛል ይል ነበር። ሹፌሩ ደግሞ «ምንም የለብኝ፣ እንዲያውም ድካሜ ይታሰብልኝ» ባይ ነበር። ተቆጥሮ ሲያልቅ ባጃጁ በሹፌሩ እጅ እንዲቀር፣ ለዚያም 31,500 ብር እንዲከፍል ተስማሙ። በየወሩ 4,500፣ ለሰባት ወር። ክፍያው ሲያልቅ ሊብሬው በስሙ ይዞራል። አንድ ወር ካሳለፈ ምን እንደሚሆን ተጻፈ። በሦስት ቅጂ ተጻፈ፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ ምስክሮች ፈረሙ። ቀኑም በቁጥር ተጻፈ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሦስተኛው ማታ ላይ ባለገንዘቡ ደብተሩን ሲያይ ዝም አለ። «እየበላኝ ነው» ያለው ሰው ላይ የልጅ የቤት ሥራ ጀርባ ላይ የተጻፈ እውነት መጣበት። «ሌባ ብዬሃለሁ» አለ። እኛ ምንም አላልንም። ሁለተኛው ደግሞ «እኔም ጎማውን አንድ ጊዜ ሁለቴ ቆጥሬብሃለሁ» አለ። ደብተሩ ላይ አልነበረም እኮ ይሄ! ማንም አልጠየቀውም። መስቀሉ ከዚያ በኋላ ነው የወጣው።

በገጠሩ የቆየው ሥርዓት ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ድንጋዩ «አጥፍቻለሁ» ማለት ነው። ከዚያ ካሳው ይነገራል። አብሮ መብላትና መሳም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከተማ ገብተን ከሥርዓቱ መሳሙን ብቻ ይዘን ቀረን። ድንጋዩንም ካሳውንም መንገድ ላይ ጣልነው። ወንድሜ የሚጠሉት ይህን የተረፈውን ከሆነ እኔም እጠላዋለሁ። ሙሉውን ግን አላዩትም።

ማቴዎስ 18ን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ እሳቸውም አንስተውታል። «ቤተ ክርስቲያን ራሷ መጀመሪያ ጉባኤ ፊት አትቁሙ ትላለች» ብለው ነው የጀመሩት። ልክ ናቸው። ጌታ መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» አለ። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ አለ። ጉባኤ የሚመጣው ሦስተኛ ላይ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እንጀምራለን። ወሬው መጀመሪያ ማኅበር ላይ ይሰማል፣ ከዚያ ሰንበቴ ላይ፣ ባለቤቱ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። ከጉባኤ የጀመረ ሽምግልና ሰው ያዋርዳል። የተዋረደ ሰው ደግሞ ዕዳውን ቢያምንም ልቡን አይሰጥም።

ጳውሎስስ? ጸሐፊው «1ኛ ቆሮንቶስ 6 ድሆችን ዝም ማሰኛ ሆኗል» ይላሉ። አንድ ካህን ክስ የመሠረተች ሴትን «ሥጋ ወደሙ አትቀበይም» ብለው ሲከለክሉ መስማታቸውን ጽፈዋል። እንዲህ ካደረጉ ስህተት ነው፤ ማንም ይሁኑ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለሁሉም ሰጥቷል። ሽማግሌ የሚቀመጠው በፈቃድ ነው። ግዝት ሲጨመርበት ፈቃድ አይባልም።

ግን ደብዳቤውን በደንብ ያንብቡት። ጳውሎስ ቆሮንቶሶችን የሚያሳፍራቸው ከመካከላችሁ በወንድሞች ነገር መሀል የሚዳኝ አንድ አስተዋይ ሰው እንኳ የለምን ብሎ ነው። ነቀፋው ለከሳሹ ብቻ የተወረወረ አይመስለኝም። አስተዋይ ሰው ያላፈራው ማኅበርም አለበት። እኛ ይህን ጥቅስ የምንጠቅሰው ሁልጊዜ ለከሳሹ ነው፤ ለራሳችን ጠቅሰነው አናውቅም። በዚያ ላይ ይኸው ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 25 ላይ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» ብሏል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ነበር፤ የሚዳኙትም ጠላቶቹ ሊሆኑ ነበር። ጊዜውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል ቢሰማው የሚወደው ይመስለኛል።

«ካህን ገለልተኛ አይሆንም» ላይ ደግሞ ግማሽ ስምምነት አለኝ። ጸሐፊው ያላዩትን ልጨምርላቸው። ትልቁ ችግር ጥቅም አይደለም፤ ንስሐ ነው። የአንደኛው ወገን የንስሐ አባት አስታራቂ ሆነው ሲቀመጡ በጆሯቸው ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ያንን ሊናገሩ አይችሉም፣ ሊረሱም አይችሉም። ሌላኛው ወገን ደግሞ ይጠረጥራል። ለዚህ ነው እኛ የሁለቱም ንስሐ አባት ካልሆኑ፣ አንዳንዴም ሆነው እንኳ፣ አባቶችን ለመጨረሻው ቀን ቡራኬ የምንጠራቸው። ደግሞም የቤተ ክርስቲያን ሽምግልና የካህን ሥራ ብቻ አይደለም። በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አሉ። ባጃጅ ሒሳብ ላይ ከአንድ ሊቀ ጠበብት ይልቅ አንድ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ይረዳል። አምጥተነው ነበር እኮ! ካምፒዮው ስንት እንደሚሠራ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ጠቡ ከአስተዳዳሪው ወይም ከሰበካ ጉባኤው ጋር ከሆነስ? ያኔ እዚያው ደጀ ሰላም ውስጥ ማስታረቅ ቀልድ ነው። ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ይሂድ። ካልሆነ ወደ ሀገረ ስብከት። የኦዲት ጉዳይ ከሆነ ከሽምግልና በፊት ኦዲተር ይምጣ። የምእመን አሥራት የጠፋበት ሒሳብ በ«ይቅር እንባባል» አይዘጋም። ይቅር የሚለው ባለገንዘቡ ነው፣ ባለገንዘቡ ደግሞ ሕዝቡ ነው።

ወንጀልን በተመለከተ ምንም የምከራከረው የለኝም። ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ሚስቱን የደበደበ፣ ልጅ የደፈረ፣ ሰው የወጋ፣ ሕፃን የዳረ ሰው ጉዳይ ሽምግልና አይደለም። በኔው ሰፈር አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ መጥታ «ታገሺ ልጄ፣ ትዳር ነው» ተብላ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ዛሬም ያመኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በቁጥር 564 ለብቻው ነው ያስቀመጠው። የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1237ም ወንጀልን፣ ፍቺን፣ ጉዲፈቻን፣ ውርስን፣ የመሬትን ጉዳይ ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡት መካከል ዘርዝሯቸዋል። አንዳንድ ቀላል ነገር በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ አለ፤ እሱ ላይ ዕርቅ ቦታ አለው። ከዚያ በላይ ያለው ላይ ግን ሽማግሌው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ደም ለፈሰሰበት ጉዳይ ገጠር ውስጥ የሚደረገው የደም ማድረቅ ዕርቅ ራሱ ቂም በቀሉን ለማቆም ነው፤ ገዳዩን ከሕግ ለማስመለጥ አይደለም። «ዕርቅ ደም ያደርቅ» የሚባለውም ሌላ ደም እንዳይፈስ ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ወርውረዋል፦ «የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?» ሴት ልጅ አለችኝ። በንግድ ሸሪኳ ብትካድ መጀመሪያ ሽማግሌ እልክላታለሁ፤ እኔም ደብተር ይዤ እከተላለሁ። ባሏ ቢመታት ግን ሽማግሌ ደጄ ሲመጣ በሩን አልከፍትም። ፖሊስ ጣቢያ ነው የምገኘው።

«ጊዜ ያባክናል» ለሚለው ብዙ አልልም። ባጃጁ ሁለተኛ ዙር ላይ የፈጀው ሦስት ማታና ሁለት እሑድ ነው። ወንድሜ ከችሎት ልምዳቸው ያነጻጽሩ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። በመጨረሻ «ታረቁ የተባሉት እውነት ተዋደዱ ወይ? ካልተዋደዱ ዕርቁ የይስሙላ ነው» ብለዋል። እኛ መዋደድን ቃል ገብተን አናውቅም። ሁለቱ ሰዎች ዛሬም አንዱ የሌላውን ቡና አይጠጣም። ባለገንዘቡ ሌላ ባጃጅ ገዝቶ ሌላ ሹፌር ቀጥሯል፣ በውል። ሹፌሩ ሰባተኛውን ክፍያ በጊዜው ከፍሎ ሊብሬውን በስሙ አዙሯል። ወደ ማኅበሩ ግን ተመልሰዋል። ባለፈው ጥር ላይ ተራው አጋጥሟቸው አንዱ ለሌላው ጽዋውን ማስረከብ ነበረበት። እኔ ዳቦው አጠገብ ተቀምጬ በጎን አያቸው ነበር። ተረካቢው ተነሳ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ሌላኛውም «አሜን» አለና ጠላው ሲቀዳ ወደነበረበት ወንበር ተመለሰ። አልተቃቀፉም።